የባህረዲን ድርሻ

ከራጉኤል እስከ አብነት ያለህ ነጋዴ፣ ደላላ፣ መንገደኛ ሁሉ ጆሮህን ስጥ! በ፲፱፻፷፫ ዓመተ ምሕረት የጆንያ ደጃዝማች፣ የጫንቃ ባላባት፣ የስልጤው ባህረዲን የሠራተኞች ማኅበር አባል ይሆኑ ዘንድ ፈቅደዋል!

ማኅበሩ ግን አልፈቀደም።

ባህረዲን መርካቶ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ኩሊ ነው። አምና ጓደኛው ጠሀ ከነጆንያው ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ሲሰበር፣ ባለመጋዘኑ "የቀን ሠራተኛ ነው፤ አላውቀውም" ብሎ በሩን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ባህረዲን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኩሊም አባል ይሁን፣ ሲሰበር የሚከራከርለት ይኑረው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘውገ ይባላል፤ የዚያው መጋዘን ሚዛን ተቆጣጣሪ። "የሠራተኛው መብት!" ሲል ከረባቱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

"እናንተ እኮ መንገደኛ ናችሁ" አለው ባህረዲን አባልነት ሲጠይቀው። "አረፋ ሲደርስ ተግተልትላችሁ አገራችሁ ትገባላችሁ። ማኅበር የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል።"

"እንቀመጣለን፣ ጋሼ። እርስዎ ብቻ ይጥሩን።"

"እናያለን!"

ለስብሰባ ጠራቸው፤ በአረፋ ዕለት። በመንግሥት ቀን መቁጠሪያ አረፋ የሚባል በዓል የለማ፤ ሰውየው ምን አጠፋ?

ባህረዲን ጓደኞቹን አብረውት እንዲቀሩ ለመነ።

"አረፋን አዲስ አበባ የሚውል አገር ቤት ደም ያለበት ነው!" አሉና ሳቁበት። "አንተ ማንን ገድለህ ነው?"

አውቶቡስ ላይ ወጡ። እሱ ቀረ። ከተወለደ አረፋን ከእናቱ ደጅ ርቆ ሲውል የመጀመሪያው ነበር።

አዳራሹ ውስጥ "የኩሊዎች ጥያቄ" ሲባል እጁን አወጣ።

"ሌሎቹስ?" አለ ዘውገ።

"አገር ገብተዋል። እኔ አለሁ፣ ጋሼ።"

"አንድ እጅ! ጥያቄው ባለቤት የለውም፤ ተሰርዟል።"

ተጨበጨበ። ላብ አደሩ በላብ አደሩ ላይ አጨበጨበ፤ እኛ ተማሪዎች ወረቀት ላይ "ተባበሩ" ብለን የበተንንለት ያ ሁሉ ሰው።

ጓደኞቹ ሲመለሱ በኮባ የተጠቀለለ የደረቀ ሥጋ ይዘውለት መጡ። በእነሱ ቤት ያልመጣ ልጅ ድርሻው አይነካም፤ እናቱ ከምድጃው በላይ ሰቅለው አቆይተውለታል። ባህረዲን ጥቅሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አልፈታውም።

ዛሬም እዚያው መሰላል ላይ ነው። ጆንያ ሲያወጣ ግራ ጉልበቱ መክዳት ጀምሯል።

አንተ የተማርከው አንባቢ፣ ስብሰባ ላይ የክብር ወንበር አታጣም። እንግዲህ ያ ጉልበት ጨርሶ ሳይከዳ ተነሥና ዘውገን ጠይቅልኝ፦ ላልመጣው ድርሻ ከተቀመጠለት፣ ለመጣውስ...