የመምሬ ቢያድግልኝ ክኒን

መምሬ ቢያድግልኝ ለሰው ሲሆን ሩኅሩኅ ቄስ ነበር። ስኳር ያለባቸው እትዬ በዛች በዐቢይ ጾም መጥተው "አባቴ፣ መርፌዬን ተወግቼ ሳልበላ ስውል ዓይኔ ይጨልምብኛል" ሲሉት፣ "ይብሉ እንጂ! ጾም ለታመመ አልተሠራም፤ ከነፍስዎ ጋር ምን አጣላዎት?" ብሎ በመስቀሉ ባርኮ ይሸኛቸዋል። ያንኑ ቃል ለራሱ መንገር ግን አቅቶት ሦስት ዓመት ኖረ። ለሌላው የሚቆርሰውን ለራሱ የሚነፍግ ሰው ጻድቅ ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን ፈሪ ነው።

መጀመሪያ የያዘው ቁርጥማት ነበር። ጧት ሲነሣ ጣቶቹ አልታጠፍ ይሉታል፣ መስቀሉን በሁለት እጁ ደግፎ ያሳልማል። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለ፤ ከመካነ ሰላም ሁለት ሰዓት ሽቅብ በሚያስኬድ ደጋ ላይ እየኖረ ብርድ ያልመታው ቄስ ከየት ይምጣ? ዓመት ሳይሞላ ሌላው ተከተለ። ከሳ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ተቀምጦ ሲነሣ ምድር ይዞርበት ጀመር። ሚስቱ አልታዬ አንድ ቀን ከጓዳ ገብቶ ጨው በጣቱ እየቆነጠረ ሲልስ ያዘችውና እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ከመካነ ሰላም ደሴ ላኩት፣ ከደሴ ከነወረቀቱ መለሱት።

"አባ፣ ሁለት በሽታ ነው ያለብዎት፣ ሥሩ ግን አንድ ነው" አለችው መካነ ሰላም ያለችው ሐኪም። "ሰውነትዎን የሚጠብቀው ዘበኛ ጠላት የገባ መስሎት የገዛ ቤቱን እየመታ ነው። መገጣጠሚያዎን ይመታል፤ ከኩላሊትዎ በላይ ያለችውንም ዕጢ አድርቋታል። ይቺ ክኒን የዕጢዋን ሥራ ትሠራልዎታለች። በየቀኑ ጧት፣ ከምግብ ጋር ይውሰዷት። አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘሏት። ካተኮሰዎት እጥፍ ያድርጓት። ካስመለሰዎት ግን ውለው አይደሩ፣ ወደ እኛ ይምጡ፤ በመርፌ መሰጠት አለበት።" የቁርጥማቷ ክኒን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበረች። የዕለቷን አንድ ቀን ቢተዋት ትገድለዋለች፣ የሳምንቷን በየቀኑ ቢውጣት ትገድለዋለች። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ሰው ይህን መያዝ አቃተው።

የያዘችው አልታዬ ናት። ካረጀ ጋቢ ባለ ሰባት ኪስ ከረጢት ሰፋች፣ የረቡዕን ኪስ በቀይ ክር ዘመዘመችው፤ የሳምንቷ ክኒን የምትገባው እዚያ ብቻ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እጇን ታጥባ ሰባቱንም ትሞላለች። ጧት ጧት የዕለቱን ክኒን ከቁራሽ ዳቦ ጋር በእራፊ ጠቅልላ ትሰጠዋለች።

ችግሩ ክኒኗ ሳትሆን ዳቦው ነበር። የሚቀድስ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፉ አይዞርም። እሑድ ቅዳሴው በጧት ስለሚያልቅ ሐኪሟም ፈቅዳለታለች። ፍልሰታ ሲገባ ግን ቅዳሴው የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ቅዳሴ ደግሞ ያለ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አይቆምም። የአጥቢያዋ ኪዳነ ምሕረት ሦስተኛ ቄሷ ወደ አቀስታ ከሄደ ወዲህ የቀሯት ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረቡት መምሬ ፈንታውና እሱ ብቻ ናቸው። እሱ ጧት ዳቦ ከቆረሰ ቅዳሴው ታጎለ ማለት ነው። በአባቱ ዘመንም በእሱም ዘመን ፍልሰታ ታጉሎ አያውቅም። በዚያ ላይ ሕመሙን ለመምሬ ፈንታው አልነገራቸውም። በሽተኛ መሆኑ ከታወቀ ከመቅደስ የሚያስወጡት፣ ከመቅደስ ከወጣ ደግሞ ምንም የማይቀረው ይመስለው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ሰውን የሚመክረው እሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ ሚስቱን ዋሻት። ጥቅሏን ጧት ተቀብሎ "የሚቀድስ እንግዳ ቄስ አለ፤ ዕቃ ቤት ገብቼ እውጣታለሁ" ይላል፤ የሚውጣት ግን ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዐሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ዝናብ ሲደበድበው ዋለ፤ ማታውን ክኒኑን ከነምግቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አስመለሰውና ለማንም ሳይናገር ቤቱ ገብቶ ተኛ።

ነሐሴ ዐሥራ አራት ጧት አልታዬ ግንባሩን ስትዳስሰው እንደ ምጣድ ግሏል።

"እጥፍ ነው ሐኪሟ ያለችው" አለች ክኒኖቹን ከዳቦው ጋር እየጠቀለለች። "መምሬ፣ ዛሬ ይቅርብዎት። እግዜር አይቀየምዎትም።"

"የቄስ ሚስት አውቅ ብላ መጽሐፍ አጠበች አሉ" አላት። ሁልጊዜ በዚህ ተረት ይስቁ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ማስመለሱን ቢነግራት ኖሮ በሩን ዘግታ ትቆምበት ነበር። ጥቅሏን ተቀብሎ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። ውበቱና ዝናሽ ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖረው፣ ልጅ ድረው፣ በስተርጅና ሊቆርቡ ነጭ ለብሰው ቆመዋል። መምሬ ቢያድግልኝ ሲያልፍ ዝናሽ ጉልበቱን ስማ "ለዚህ ቀን ያደረሰን ይመስገን" አለችው። እሱም ይመስገን አለ፤ ድምፁ ግን ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ መሰለው።

የቁርባኑ ኅብስት ከሚሰናዳበት ከቤተልሔሙ ገብቶ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ። ጥቅሏ የለችም። ቀበቶውን፣ ኪሱን፣ የጋቢውን እጥፋት ዳበሰ፤ የለችም። ያ የማይጨብጥ እጁ መንገድ ላይ ጥሏት አላወቀም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ እልህ ነበር፤ አሁን ፍርሃት ሆነ። ቅዳሴው ቢያልቅም ቤቱ ሳይደርስ የሚውጠው የለም። ቅዳሴው ከተጀመረ ደግሞ ቢሞትም አይወጣም። ወገቡን ይወጋዋል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ልብሰ ተክህኖውን አነሣ፤ እጅጌውን ፈልጎ ማግኘት ግን አቃተው። መምሬ ፈንታው ዞር ብለው አዩት።

"ምን ሆነሃል?"

"ብርድ ነው፣ አባቴ።"

ይኼኔ ከውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ። "መምሬ ፈንታው! መምሬ ፈንታው ይውጡልኝ!"

ሴት ወደ ቤተልሔም አትጠጋም፤ ካህናቱ ደነገጡ። መምሬ ቢያድግልኝ ግን ድምፁን አውቆታል፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። አልታዬ ከደጁ ቆማለች፤ ነጠላዋ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው፣ በእጇ እራፊዋን ይዛለች።

"ባለቤቴ በሽተኛ ናቸው" አለች ሕዝቡ እየሰማ። "ከታመሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። ይቺን ካልዋጡ ይሞታሉ። ከአጥራችን ሥር ጭቃ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። ዛሬ ያተኩሳቸዋል። ቢያወግዙኝም ያውግዙኝ፣ እኔ ባሌን አልቀብርም!"

መምሬ ፈንታው ወደ ውስጥ ዞሩ። "እውነት ነው?"

"አባቴ፣ ቅዳሴው ይውጣና..." አለ፤ ነገሩን ሳይጨርስ ልብሰ ተክህኖውን እንዳቀፈ ወደቀ።

ሽማግሌው እንደ ወጣት ተንበረከኩ። ልብሱን ከእቅፉ አውጥተው ለዲያቆኑ ሰጡ፣ እራፊውን ፈትተው የዳቦውን ጭቃ በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ውኃ አስቀረቡ።

"ቅዳሴው ይታጎላል" አለ መምሬ ቢያድግልኝ ጥርሱን ነክሶ። "እነ ዝናሽ... ሠላሳ ዓመት..."

"ሠላሳ ዓመት የጠበቁ ሁለት ቀን ቢጠብቁ አይሞቱም። አንተ ግን ትሞታለህ። አፍህን ክፈት!"

ከፈተ። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ በካህን እጅ ዳቦ ጎረሰ፤ ክኒኑን ዋጠ። እንባው በጺሙ ወረደ።

"አስመልሶኝ ነበር፣ ትናንት ማታ" አለ በመጨረሻ። አልታዬ ከደጅ ሰምታ ጮኸች። "ቃሬዛ አምጡ! ሐኪሟ መርፌ ነው ያለችው!"

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሕልም ነው የሚያስታውሰው። ዝናብ ፊቱን ይመታዋል፣ ቃሬዛው ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። አንዴ ዓይኑን ሲገልጥ ፊት ለፊት የተሸከመውን አየ። ውበቱ ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እህል ውኃ አልቀመሰም፣ ለቁርባኑ የለበሰው ነጭ ልብስ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። "አይዞዎት፣ አባቴ፣ ደረስን" ይለዋል በየመታጠፊያው፤ ገና ግማሹን እንኳ አልደረሱም ነበር።

ሐኪሟ መርፌውን ወግታ ጉሉኮስ ሰካችለት። ማታ ላይ ሲነቃ "ዛሬ መቅደስ ገብተው ቢሆን ኖሮ በእግርዎ አይወጡም ነበር" አለችው።

በሦስተኛው ሳምንት ዱላውን ተደግፎ መምሬ ፈንታው ቤት ሄደና ተንበረከከ። ከጎረቤት ደብር በመጡት በመምሬ ኒቆዲሞስ እርዳታ ውበቱና ዝናሽ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት እንደ ቆረቡ ሰምቷል፤ ልቡ ግን አላረፈም።

"አባቴ፣ ዋሽቻለሁ። ለሚስቴም ለእርስዎም። ቀኖና ይስጡኝ፤ ስግደቱም የፈለገው ያህል ይሁን።"

"በዚህ ጉልበትህ ልትሰግድ?" አሉ ሽማግሌው። "አርባ ቀን መቅደስ አትገባም። በአርባውም ቀን ፀሐይ ስትወጣ ከዚህ ደጄ ትቀመጣለህ፤ ዳቦ ትበላለህ፣ ክኒንህን በፊቴ ትውጣለህ። ሰው እያየህ።"

ስግደት ይሻለው ነበር። የመምሬ ፈንታው ደጅ ገበያተኛው የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። በመጀመሪያው ዓርብ፣ ቄስ ነግቶ ዳቦ ሲያላምጥ መንገደኛው ሲያየው ዳቦው አልወርድ አለው። እትዬ በዛች ቅርጫታቸውን እንዳዘሉ ቆሙ፤ ዳቦውን አዩ፣ እሱን አዩ።

"ይብሉ እንጂ፣ አባቴ!" አሉት። "ጾም ለታመመ አልተሠራም፤ ከነፍስዎ ጋር ምን አጣላዎት?" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ነው ዳቦው የወረደለት።

ዘመን ተለወጠ፣ መስቀል አለፈ፣ አርባው ቀን ሞላ። መምሬ ፈንታው ፈቱት። መምሬ ኒቆዲሞስ በጾም ወራት እየመጡ ሊቀድሱ፣ እሱ እሑድ እሑድ ሊገባ ተስማሙ። በአርባ አንደኛው ቀን ጧት ቤቱ ተቀመጠ፤ አልታዬ የዕለቱን ኪስ ፈትታ ክኒኑን በመዳፉ አኖረችለት።

ከአጥሩ በኩል የዱላ ድምፅ ተሰማ። መምሬ ፈንታው ያን ሁሉ አቀበት ወጥተው፣ እያለከለኩ፣ ዳቦ በእራፊ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምነው ሳትመጣ ቀረህ?"

"ቀኖናው አልቋል እኮ፣ አባቴ።"

"ያንተ አልቋል" አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። "የእኔ ገና ነው። ሦስት ዓመት አጠገቤ ቆመህ ስትሞት ያላየሁት እኔ ነኝ። በል ዋጥ፣ ልይህ።"