ግማሽ ዙር ብሎን

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘለልኩት። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

የበደልኩት ሰው ከድር ይባላል። ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም መርካቶ፣ ሰባተኛ ነው ያደግነው፤ የእሱ አባት ጨርቅ ነጋዴ፣ የእኔ አባት ብስክሌት ጠጋኝ። እሁድ እሁድ ጎህ ሲቀድ ከአብነት ተነስተን፣ በሽሮ ሜዳ አድርገን እንጦጦን በብስክሌት እንወጣ ነበር። ዳገቱ ረጅም ነው። በዚያ ሰዓት መኪና የለም፣ ሰው የለም፤ የራስን ትንፋሽ እየሰሙ መውጣት ነው። ከድር ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይደርሳል። አናቱ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ይጠብቀኛል፤ ስደርስ ግማሹን ይሰጠኛል። ያቺን ግማሽ ብርቱካን እንዴት እንደምጠላት! በደግነቱ ነው የተናደድኩት ብል ታምኑኛላችሁ?

ከድር የብስክሌቱን ብሎን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ስንፍና አልነበረም። ቀኑን ሙሉ አባቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ይለካል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ አንዲት የግሪስ አሻራ ካረፈች ጣቃው ተበላሸ ማለት ነው። አባቱ በር ላይ መዳፉን ገልብጠው ሳያዩ አያስገቡትም። ስለዚህ ሰንሰለቱን የምቀባው፣ ጎማውን የምነፋው፣ ፍሬኑን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያመነኝ።

አንድ ክለብ፣ ስሙን አልጠራም፣ አንድ ብስክሌተኛ ጎደለው። አሰልጣኙ ሁለታችንን ጠርቶ፣ እሁድ ጠዋት እንጦጦ አናት ላይ ሰዓት ይዤ እጠብቃችኋለሁ፣ ቀድሞ የደረሰ ይገባል አለን። ማን እንደሚገባ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ከድር ብስክሌቱን አመጣልኝ። «ነገ እንዳታሳፍረኝ፣ እስኪ በደንብ እያት» አለኝና ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሰንሰለቱን ቀባሁ። ጎማውን ነፋሁ። ከዚያ የኋላውን ፍሬን ማስተካከያ ብሎን ግማሽ ዙር አጠበቅሁት። ግማሽ ዙር ብቻ። ባዶውን ሲሽከረከር አይታወቅም፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን የፍሬኑ ላስቲክ ጎማውን የተሸከመውን ቸርኬ ይነካዋል። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን ፍሬን ማስተካከል አይችልም። እኔ ነኝ ያጠበቅሁት።

እሁድ ጠዋት ከኋላው ነበርኩ። የሽሮ ሜዳን ቤቶች ካለፍን በኋላ መንገዱ ጭር አለ፤ ያኔ ሰማሁት። ሽ... ሽ... ሽ... ላስቲኩ ቸርኬውን በየዙሩ ሲፍቀው። ያን መንገድ የምወደው በጸጥታው ነበር፤ ያን ቀን ጸጥታው ሊያጋልጠኝ ሆነ። መኪና ይምጣ ብዬ ለመንኩ። ውሻ ይጩህ ብዬ ለመንኩ። የሚጮህልኝ ሳጣ እኔው ማለክለክ ጀመርኩ። ከደከመኝ በላይ አለከለክሁ፣ ሳይዘኝ ሳልኩ፤ የእኔ ድምፅ ያንን እንዲሸፍነው። እግሬ ዳገቱን ይገፋል፣ ጆሮዬ ግን የእሱ የኋላ ጎማ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ደረስኩበት። ከዚያን ቀን በፊት ከድርን ዳገት ላይ ደርሼበት አላውቅም። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጭኑ ይንቀጠቀጣል።

«ብርሃኑ፣ ከኋላ የያዘኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። እስኪ እየው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ላስቲኩ ቸርኬው ላይ ተጣብቋል። በደንብ አየሁት።

«ምንም የያዘህ ነገር የለም» አልኩት። «እግርህ ነው።»

ብሎኑን ሳጠብቅ ጉልበቱን ሰረቅሁት። ይህን ስለው ግን ምን ሰረቅሁት? ቁም ብዬው ብሎኑን ብፈታለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላልኩም። ከድር አቀርቅሮ እግሩን አየ፤ የማያውቀው ሰው እግር ይመስል አየው። አመነኝ። እኔም አለፍኩት።

አናቱ ላይ ቀድሜ ደረስኩ። እሱ ብዙ ቆይቶ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ስጠኝ ላሳርፍልህ ብዬ ተቀበልኩትና ዛፍ ሥር ወስጄ ብሎኑን ወደ ቦታው መለስኩት። ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ ማስረጃ ለማጥፋት ነው። እሱ ደግሞ አመሰገነኝ።

አሰልጣኙ፣ አሞህ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና ሞክር አለው። ከድር እምቢ አለ። በሳምንቱ ብስክሌቱን እኔው ዘንድ አምጥቶ፣ «አንተ ትጠቀምበታለህ» ብሎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ክለቡ ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየሁና ይህ ነው የሚባል ነገር ሳልሠራ ወጣሁ። ዛሬ ሰባተኛ የብስክሌት ዕቃ እሸጣለሁ፤ ከድርም እዚያው የአባቱን ሱቅ ይዟል።

ባለፈው ሳምንት የከድር ልጅ ሂክማ ብስክሌቷን እየገፋች ሱቄ መጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

«ጋሽ ብርሃኑ፣ ልምምድ ልጀምር ስል አባዬ እምቢ አለኝ። የኛ ቤት እግር ለዳገት አልተፈጠረም ይላል። እርስዎን ይሰማል፣ እስኪ ያናግሩልኝ።»

በቃ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ አልኩ። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ከድር ሲያየኝ ተነስቶ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። አፌን ሳልከፍት ወደ ልጁ ዞረ።

«ይሄ ሰው እኮ ነው እውነቱን የነገረኝ። ሁሉም በርታ፣ ትችላለህ እያለ ሲሸነግለኝ እሱ ብቻ እግርህ ነው አለኝ። እሱ ባይኖር ዕድሜዬን እዚያ ዳገት ላይ እጨርሰው ነበር። በል ብሬ፣ ለእሷም ንገራት።»

ሂክማ አየችኝ። ከድርም አየኝ፤ በእኔ ይኮራ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ እምላለሁ፣ እዚያ ነበር።

«አባትሽን ስሚ» አልኳት።

ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች። እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን የበደልኳችሁ ነገር የለም። ለፊተኛው በደሌ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ቀናሁ እል ይሆናል። ለኋለኛው፣ ለሂክማው፣ ምን እላለሁ? ፀጉሬ ሸብቷል፣ የምወዳደረውም ሰው የለም። ከድር ዛሬም ሱቁን ከፍቷል፤ ከእኔ በር እስከ እሱ በር መቶ እርምጃ አይሞላም። አልሄድኩም።