ከጀርባ የተሣሉት ሠዓሊ

ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ሰውን የሚሥሉት በሥርዓት ነበር። ጻድቅ ከሆነ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች። ኃጥእ ከሆነ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሦስተኛ አሣሣል አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም። ሙያውን ደብረ ማርቆስ አጠገብ ከአባታቸው ተምረው፣ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ ስቶክሆልም ድረስ ይዘውት መጡ።

አልቢ በምትባል የከተማዋ ዳርቻ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነበርን። እኔ ብርቅአየሁ እባላለሁ፤ የሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ምላሷ አያርፍም ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። የጋሼ ባለቤት ካርቱም ላይ በወባ ስትሞት ልጃቸው ማርያማዊት ሰባት ዓመቷ ነበር። ብቻቸውን አሳደጓት፤ ያሳደጓት ግን በሥራ ነው። ሳይነጋ ወጥተው ባቡር ማደሪያ ውስጥ ፉርጎ ያጥባሉ፤ ከዚያ ከተማ ገብተው ቢሮ ይጠርጋሉ። ሲመለሱ ልጅቷ ወይ እኔ ቤት ናት ወይ ተኝታለች። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው ይሥላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ ስላልነበራት ከስዊድኖች በተዋስነው አዳራሽ ነበር የምንቀድሰው፤ የጋሼ ሥዕሎች ጠዋት ይሰቀላሉ፣ ከሰዓት እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ይወርዳሉ።

ማርያማዊት የአባቷን እጅ ወረሰች። ሥዕል ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ ጋሼ ደስታቸው ከፊታቸው አልጠፋም። አንድ ቅዳሜ እሳቸውንም እኔንም ይዛ ሙዚየም ወሰደችን። የምትወዳቸው ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት የነበሩ የጀርመን ሠዓሊዎች ነበሩ። ያሳየችን ሁሉ ተራራ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጨረቃ የወጣችበት ባሕር ነው። ሰው ከተገኘም ጣት የሚያህል፣ ዳር ላይ የቆመ፣ ጀርባውን የሰጠን።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሄዱ። ታሪኩ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ሥዕሉ የየትኛው ቅዱስ እንደሆነ ጠየቁ። ልጅቷ ታሪኩ ተራራው ራሱ ነው፤ ሰዎቹ እግዚአብሔርን በሰማይና በጭጋግ ውስጥ ይፈልጉት ነበር አለቻቸው። መልኩ ጠፍቷቸው ይሆናላ፣ አሉ ጋሼ። እኔ ሳቅሁ፣ ጠባቂዋ ገላመጠችኝ። ባሕር ዳር ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰውዬ ጋ ሲደርሱ ግን እግራቸው ቆመ።

«ይሄ ምን ቢያጠፋ ነው?» አሉ። «ይሁዳ እንኳ አንድ ዓይን ተሰጥቶታል።»

ማርያማዊት ታግሣ አስረዳቻቸው። ሰውየው የዞረው ንቆን አይደለም፤ ከኋላው ቆመን እሱ የሚያየውን እንድናይ ነው አለች። እሳቸው ለፈረንጅ ይሁን ብለው አለፉ። የራሳቸውን ቀልድ ግን ወደዷት። በማግሥቱ ለሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ለአቶ ይገዙ ነገሯቸው፤ ከአቶ ይገዙ በኋላ ያልሰማት ሰው አልነበረም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1996 ግንቦት ላይ ትምህርት ቤቱ የተመራቂዎችን ሥራ አሳየ። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፣ ከምእመኑም ብዙ ሰው ተከትሏቸው መጣ። የማርያማዊት ሥዕል በር ያህላል። የአልቢ ሐይቅ በጭጋግ ተሸፍኖ ሊነጋ ሲል፤ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የሥራ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ ከጀርባው። የቀኝ ትከሻው ዘንበል ብሏል። ገና ሳየው ማን እንደሆነ አወቅሁ፣ እንባዬም መጣ። እንዲያ ያለ ሥዕል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አቶ ይገዙ ሥዕሉን አየት አድርገው፣ «ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ፣ ልጅዎ ከይሁዳም አሳነሰችዎ እኮ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሳቅ ግን ሳቅ ነው።

ጋሼ አልሳቁም። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ፊቴን ምን አደረግሽው?» አሉ።

ማርያማዊት ከእኛ ጋር ስታወራ ወደ ስዊድንኛ የምትሮጥ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን ቃል እየፈለገችም ቢሆን ባማርኛ መለሰችላቸው። «በየጠዋቱ በመስኮት አይሃለሁ፣ አባዬ። ስትሄድ። እኔ የማውቀው ጀርባህን ነው። ከኋላህ ቆሜ አብሬህ ማየት ፈልጌ ነው።»

ከተናገረችው ሁሉ ጆሯቸው የያዘው ጀርባ የሚለውን ብቻ ነበር። ከሰው ፊት አዋረድሽኝ ብለው ወጡ። ደረጃው ድረስ እየተጣራች ተከተለቻቸው፤ አልዞሩም። ሥዕሉን አንድ የማናውቀው ሰው ገዝቶ ወሰደው። እሷም መኸር ላይ የነዚያን ሠዓሊዎች አገር ልይ ብላ ድሬስደን ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። ጋሼ በአገራቸው ወግ ልጅ ሽማግሌ ልካ፣ መጥታ ጉልበት ስማ ትታረቃለች ብለው ጠበቁ። እሷ ደግሞ በዚህ አገር ወግ፣ የተቀየመ ሰው ስልክ ያነሣና ይናገራል ብላ ጠበቀች። በመካከላቸው አንዴ በራቸውን እያንኳኳሁ፣ አንዴ ለእሷ እየደወልኩ የምለምነው እኔ ነኝ። ሽማግሌ የሚባል ነገር ድሬስደን ከየት ታመጣለች ብላቸው፣ አንቺ አለሽ አይደል፣ ትላክሽ አሉኝ። ለእሷ ይህን ስነግራት፣ ከአባቴ ጋር ለማውራት ለምን ሰው እልካለሁ፣ ስልኬን ያውቀዋል አለችኝ። ሁለቱም ይዋደዱ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ዓመት ተኩል ሄደ።

ከገና በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል አዘዘቻቸው፤ ከእግሯ ሥር እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ተሰልፈው እንዲሣሉ። አንድ ከሰዓት ጋሼ የመሣያ ከሰል በእጃቸው እንደያዙ በሬን አንኳኩ። ተቀመጡ ብል አልተቀመጡም።

«የማርያማዊት ቅንድብ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። የሚያሾፉ መስሎኝ ነው። ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ቀረ። ከልጆቹ መጀመሪያ ላይ እሷን ሊያቆሟት አስበዋል፤ በነጭ ነጠላ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ዕርቃቸው ያ ነበር። የሰባት ዓመቷን ማርያማዊት ጠረጴዛዬ ላይ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ በአንድ አፍታ ሣሏት፤ ካርቱም ላይ ሥራ ሳይኖራቸው ቀኑን ሙሉ ሲያይዋት የነበረችው ልጅ ልክ እንደነበረች ወጣች። የትልቋ ማርያማዊት ፊት ግን አልመጣ አላቸው። ሲጀምሩት የእናቷ ይሆንባቸዋል። ፎቶ ልስጥዎት አልኳቸው፤ ልጄን ከፎቶ እሥላለሁ እንዴ አሉ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እዚህ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ከአንዲት ልጅ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ ፊቷን አላውቀውም አሉ።

ቁጥሩን መትቼ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁት። ሽማግሌው ገደል ይግባ። ስታነሣ ስሟን ጠሩ።

«ፊትሽን ማየት ፈልጌ ነው» አሉ። «ሌላ ነገር የለኝም።»

ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ እያለቀሰች እንደሆነ ግን ይሰማ ነበር። ለፋሲካ እንደምትመጣ ቃል ገባች። ጋሼ ላገኙት ሰው ሁሉ ተናገሩ፤ ለአቶ ይገዙ ሳይቀር። ሌሎቹን ልጆች በሙሉ ጨረሱ። የእሷን ፊት ግን ክብ መስመር ብቻ አስምረው ተዉት፤ መጥታ ከፊቴ ስትቀመጥ እሞላዋለሁ አሉኝ። ያን ሰሞን ጾመኛ አይመስሉም ነበር፤ ፊታቸው ወዝ አውጥቶ ነበር።

ሆሳዕና ሳይደርስ ሥራ ላይ ወደቁ። ልባቸው ነው አሉን። ፍሌሚንግስቤሪ ያለው ሆስፒታል ስደርስ አልቆ ነበር።

ማርያማዊት በሁለተኛው ቀን ገባች። ቀበርናቸው። በሠልስቱ ሰዉ ሲሳሳ አቶ ይገዙ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ከፍተው ያዩናል፤ ከፊት የቆመችው ባለ ነጠላ ብቻ ፊቷ ባዶ ጨርቅ ነው። ማርያማዊት እሷ እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባትም።

«ረስቶኝ ነው?» አለችኝ፣ በስዊድንኛ።

መዋሸት እችል ነበር። ጊዜ አልበቃቸውም ብል ያልፍ ነበር። ግን እሷም ሠዓሊ ናት፤ ሁሉ ተጨርሶ አንድ ፊት ለምን እንደሚቀር ታውቃለች። ስለ ከሰሉ፣ ስለ ቅንድቡ፣ ወንበሬ ላይ ስላለቀሱት ሁሉ ነገርኳት። አልረሱሽም፣ ሊያዩሽ ነበር አልኳት። ጣቷን በባዶው ክብ ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረች።

አቶ ይገዙ ከዚያ ቀን ቀልዳቸው ወዲህ እሷን ቀና ብለው ማየት ይከብዳቸዋል። እንደዚያም ሆኖ በዓሉ እየደረሰ ነውና እባክሽ ልጄ፣ የአባትሽን ሥራ አንቺ ጨርሺው፣ ፊቱ የራስሽ አይደል ብለው ለመኗት። ብሩሹን አቀበልኳት። ቀለም ውስጥ ነከረችው፤ ወደ ሸራው ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ብሩሹን መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔማ ፊቴን አውቀዋለሁ» አለች ባማርኛ። «የመጣሁት እሱ እንዲያየው ነበር።»

ሸራውን እኔና እሷ ግራና ቀኝ ይዘን ጠቀለልነው።