የማዳም ቤት እንግሊዝኛ

ልጄ በስልክ እያወራች ሳለ፣ አጠገቧ የቆመው ጎልማሳ ሽመሉን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁ። ልቤ ድንግጥ ያለው ያን ጊዜ ነው።

እብናት ለቅሶ ደርሰን ወደ ደብረ ታቦር የሚመልሰን መኪና እየጠበቅን ነበር። የተኩስ ሰሞን ነው፤ ሰላይ ገብቷል ተብሎ ሰው እርስ በርሱ ይፈራራል። ልጄ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ገና ሁለት ወሯ። የደወለችላትም እዚያ አብራት ትሠራ የነበረች የፊሊፒንስ ሴት ናት።

"በምን ቋንቋ ነው የምታወሪው?" አላት ባለሽመሉ።

"በእንግሊዝኛ።"

"እስቲ መምህሩ ይስማት!" አለ ከከበበን ሰው አንዱ።

ከሻይ ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ጠርተው አመጡ። ተናገሪ አላት። ፈጠን፣ ቆረጥ ቆረጥ አድርጋ፣ መሀል መሀሉን ዓረብኛ ጣል እያደረገች ተናገረች። ግንባሩን ቋጠረ።

"ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም" አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይስማ! "የሰላይ ቋንቋ ነው!" ሽመሉ ጆሮ ግንዷ ላይ አረፈ፤ ወደቀች። ስልኳን በድንጋይ አደቀቁት። እላይዋ ላይ ተደፋሁ። የሚቀጥለው ዱላ ክንዴን ሰበረው፤ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ።

"በጠባችሁት ጡት! እሷን ከምትገድሉ እኔን!"

"እትዬ፣ ይነሱ፤ አብረው እንዳይሞቱ" አለኝ አንዱ። ደሟ ነጠላዬን አልፎ ደረቴን አራሰው።

አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። ጎንበስ ብላ ልጄን በዚያው በእንግሊዝኛ አናገረቻት። ልጄ ደም በሞላው አፏ መለሰችላት። ሴትዮዋ ቀና አለች።

"ቤይሩት ስድስት ዓመት እንጀራ የበላሁበት እንግሊዝኛ ነው! ህንዱም ፊሊፒኖዋም እኛም ማዳም ቤት የምንግባባው በዚሁ ነው። የት አመመሽ አልኳት፤ እናቴን አድኚልኝ አለችኝ። ሰላይ እንዲህ ይላል?" ወደ ባለሽመሉ ዞረች። "ያንተስ እህት ዱባይ በምን የምታወራ መሰለህ? እሷንም ና ግደላት!"

ሽመሉ ወረደ። መምህሩ "እኔ ሰላይ ናት መች አልኩ" እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። ሴትዮዋ እህል የጫነ አይሱዙ አስቁማ ከሹፌሩ ጎን አስገባችን። ስንነሳ ድንጋይ መስተዋቱን ሰነጠቀው። ልጄን በደህናው ክንዴ አቅፌ፣ እንዳትተኛ በስሟ እየጠራኋት ሄድን።

ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ራሷን ሰፉላት፤ ክንዴን በጀሶ አሰሩልኝ። አይኗን ገልጣ "እማዬ" አለችኝ፤ በገዛ አፋችን። በሩ ተዘግቷል፤ ውጭ የሚጮህ የለም። ተርፈናል።