ምስጡና የእናቴ የመግነዝ ሣጥን

ምስጥ የቆላ ጣጣ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ላስታ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ድንጋይ ነው፤ ምስጥ እዚህ ምን ሊበላ ይመጣል? እንዲህ እንል ነበር። እናቴ አሁንም ድረስ እንዲህ ትላለች፤ ያውም ያን ሁሉ ጉድ በዓይኗ ካየች በኋላ።

ቤታችን ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ የተሠራ የጥንት ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ድሮ የከብት ማደሪያ ነበር፤ አሁን እህልና ማገዶ ይቀመጥበታል። እናቴ የምትኖረው ደርቡ ላይ ብቻዋን ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ነው። የደርቡ ወለል ከግንብ እስከ ግንብ በተጋደሙ ወራጆች ላይ እንጨት ተረብርቦ፣ በላዩ ጭቃ ተመርጎ የተሠራ ነው። ወራጆቹ ጽድ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ባሕር ዛፍ ነው። እሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የድሮው ጽድ ሲሰነጠቅ፣ ገና ደመወዝ መብላት የጀመርኩ ሰሞን ነበርና፣ ሎጋ የሆነ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ገዝቼ አስጠረብኩ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። እኔም እንደ ጀግና ተንጎራደድኩ።

ሥራዬ በእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ማጠብ ነው። የምኖረው ታች መናኸሪያው አጠገብ፣ ሲሚንቶ ወለል ባላት የቆርቆሮ ቤት ነው። እናቴን ነይ አብረን እንኑር ስላት፣ «እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ልጠበስ? ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ትለኛለች። እኔም በየዓመቱ እጠይቃታለሁ፤ እሷም በየዓመቱ በቃሬዛዋ ታስፈራራኛለች።

ምድር ቤት፣ በዳገቱ በኩል ካለው ግንብ ሥር፣ የእናቴ ሣጥን ነበር። ውስጡ መግነዟ ነው። በእኛ ዘንድ ያረጀ ሰው የሚገነዝበትን ነጭ ጨርቅ በቁሙ አሰናድቶ ያስቀምጣል፤ ሞት ድንገት ሲመጣ ልጆቹ እንዳይንገላቱ ነው። እሷም ከጧፍ ጋር አድርጋ ቆልፋበታለች። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝና፣ «ይህን ሣጥን የሚያነሳ ሬሳዬን የሚያነሳ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ምድር ቤቱን ስጠርግ ዙሪያውን ጠርጌ አልፋለሁ። ሣጥኑ ከተንቀሳቀሰ እናቴ የምትሞት ይመስለኛል፤ ትልቅ ሰው ሆኜም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ይሳቅብኝ።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ በጣለ ማግስት፣ ምድር ቤቱ ወለል ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የነፍሳት ክንፍ ተበትኖ አገኘሁ። ብዙ ነው፤ ክንፍ ብቻ፣ አካል የለውም። ጠርጌ ጣልኩት። መስከረም ላይ የምድር ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ክረምቱ ነው፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው አልኩ። ከማገዶው ጀርባ ግንቡ ላይ እርሳስ የሚያህል የአፈር መስመር ወደ ላይ ወጥቶ አየሁና በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ተውኩት። በሳምንቱ ስመለስ እናቴ ያንን ቦታ ለስናዋለች። በዓል ሲመጣ ሳትለስን አታልፍም። የሌባ ጣቷ የተጣመመ ስለሆነ ልስኗ ላይ አንዱ መስመር ሁልጊዜ ጎበጥ ብሎ ይሄዳል፤ ማን እንደለሰነው መጠየቅ አያስፈልግም። ግንቡ ሲያዩት ልስልስ ያለ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

የእናቴ ማኅበር የማርያም ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ይዞራል፤ ኅዳር ላይ ተራው የእሷ ነበር። ሁለት ቀን ሲቀረው ለማገዝ ወጣሁ። የጠላው ጋን ደርቡ ላይ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል፤ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሰክቶበታል።

«ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጋኑ ዘመም ይላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ ወዲህ ነው መሰል። አንቺ ደግሞ፣ ገና ከመምጣትሽ ምርመራ ጀመርሽ?»

ጋን ከመሬት ተነስቶ አይዘምም፤ ወለሉ ነው የሚዘመው። ወለሉን በተረከዜ መታ መታ አደረግሁት። ከምድጃው ወዲህ ድፍን ድምፅ አለው። ጋኑ አጠገብ ስደርስ የባዶ ቅል ድምፅ ሰጠኝ። የሽንኩርት ቢላዋ ይዤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ ማገዶው ላይ ቆምኩና ባሕር ዛፉን ወጋሁት። ቢላዋው እስከ እጀታው ገባ። ቅቤ እንኳ ትንሽ ይታገላል፤ እሱ ግን ምንም አልታገለኝም። ስነቅለው ደረቅ አፈርና እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ የሆኑ ነገሮች እጄ ላይ ረገፉ። በላዬ የእናቴ እርምጃ ይሰማል፤ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

በነአኩቶ ለአብ በኩል የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ፤ ደወልኩላቸውና በማግስቱ መጡ። ወራጆቹን አንድ በአንድ በዱላቸው እየመቱ ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ። ጽዶቹን አልፈው ባሕር ዛፉ ላይ ቆሙ።

«ይህ አሁን እንጨት አይደለም፣ ልጄ። የቀረው ቅርፊቱ ነው። ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ጽድ ወይ ወይራ ቢሆን ምስጥ ይህን ያህል አይደፍረውም ነበር።» ከዚያ ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ከዳገቱ በኩል ጎርፍ ያመጣው አፈር ግንቡን ተደግፎ ከደረቴ በላይ ተቆልሏል፤ ውሃውም ወደ ግንቡ ይሰርጋል። በውስጥ በኩል ደግሞ ማገዶው መሬት ላይ ተከምሮ ግንቡን ተደግፏል። «እናንተ የደገሳችሁት ለማኅበር አይደለም» አሉ፤ «ለምስጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። አሁን ዛሬውኑ ወራጁን የሚደግፍ ባላ ይቁምበት።» ተመልሰው ገቡና የሚቆምበትን ቦታ በዱላቸው ነኩ። የነኩት የእናቴን ሣጥን ነው። የወራጁ የተበላ ጫፍ ግንቡ ውስጥ የሚገባው ልክ ከሱ በላይ ነበር።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «ሣጥኑ አይነካም» አለች።

«እትዬ፣ ወራጁ ቢወርድ እርስዎ ነዎት የሚወርዱት።»

«ማኅበሩ ይለፍ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ።»

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ አሻፈረኝ ብል ኖሮ አናጢው ከእኔ ጋር ነበሩ። የፈራሁት ግን የእናቴን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሣጥኑን ማንሳት ፈራሁ። ስለዚህ ባላው ከሣጥኑ ፈቀቅ ብሎ፣ አንድ እርምጃ ርቆ ቆመ። «ይህ ለስሙ ነው» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን እያራገፉ። «ደርቡ ላይ ሰው አይብዛ።»

ማኅበሩን ግቢው ውስጥ እናድርገው ብዬ ለመንኳት።

«የማርያምን ጽዋ ደጅ አስቀምጬ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ወድቆ ሲሞትስ ምን ይላል?»

«አፍሽን ያዢ» አለችኝ። በዚያው አለቀ።

በማግስቱ አሥራ አራት ሰው መጣ። አብዛኞቹ ሽማግሌና አሮጊት ናቸው፤ ደረጃውን ዱላቸውን እያስቀደሙ ይወጣሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ወደ ውስጥ፣ ወደ ምድጃው ጠጋ በሉ፤ እዚያ ይሞቃል» እያልኩ ወደ ደህናው ወገን እገፋቸዋለሁ። ከባድ ከባዱን ሰው በዓይኔ እመዝናለሁ፤ እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም። እናቴን ግን የትም መግፋት አልቻልኩም። ባለተራ ናት፤ የምትቀዳው እሷ ናት፤ ቦታዋም ጋኑ አጠገብ ነው፣ ልክ ከተበላው ወራጅ በላይ።

አናጢውን አደራ አይሂዱብኝ ብያቸው ነበርና ምድር ቤት ጠበቁኝ። ሰው ገብቶ ሲያልቅ ወደሳቸው ወረድኩ፤ ሁለታችን ራሳችንን ቀና አድርገን ባሕር ዛፉን እናያለን። ከላይ የማኅበሩ ቄስ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ሰው ሲነሳና ሲሰግድ ወለሉ ይቃትታል። ትንሽ አፈር ወረደ። ሣጥኑ ክዳን ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይሰማል። እንደገና ወረደ፣ ሻሼ ላይ። ከዚያ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ መጣና ወራጁ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ተቀመጠ።

ወደ በሩ ስሮጥ አናጢው ክንዴን ያዙ። «አታስደንግጫቸው» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «በድንጋጤ አንዴ ከተነሱ አለቀ። አንድ በአንድ።»

ደረጃውን ወጣሁ። ወደ ቄሱ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። አባ ዓይኔን አዩኝ፣ አቡነ ዘበሰማያቱን ሳያቋርጡ ጨረሱ፣ ከዚያም እንደ ወትሮው በተረጋጋ ድምፅ፣ «ዛሬ ጽዋችንን ፀሐይ ላይ ወጥተን ነው የምንጠጣው። ቀስ ብላችሁ፣ አንድ በአንድ ውረዱ» አሉ። ማንም ለምን አላለም። ወረዱ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ረስተው ሲመለሱ በሩ ላይ አቀበልኳቸው። በመጨረሻ አባ ወረዱ። እናቴ ቀረች።

«እማዬ፣ ውረጂ።»

«ጋኑን ትቼ?»

«እማዬ፣ በማርያም።»

«አንቺ ውረጂ» አለች፤ አላየችኝም። ጎትቼ እንዳላወርዳት የኔ ክብደት ሊጨመር ነው። ጥያት ወረድኩ። እናቴን እዚያ ወለል ላይ ጥዬ የወረድኩባቸው እነዚያ ደረጃዎች አሁንም ይመጡብኛል።

«ሣጥኑን እናንሳ፣ አባባ» አልኩ።

በአንዱ ጆሮ እኔ፣ በሌላው እሳቸው ይዘን ብድግ ስናደርገው በጀርባዬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ባዶ ነው። የሣጥኑ መቀመጫ መሬት ላይ ቀርቷል፤ ጨርቁም እዚያው ላይ ነው፣ ጨርቅ ሊባል ከቻለ። ግራጫ አፈር ሆኗል። እዚህም እዚያም ነጭ ክር ይታያል፤ ጧፉ በአፈር ተቀብሯል። እኔ በሕይወቴ ስንት አንሶላ አጥቤአለሁ፤ ጨርቅ እንደዚያ ሆኖ አላየሁም። ከጀርባው ያለው ግንብ ደግሞ ታች ድረስ ተለስኗል። ልስኑ አዲስ ነው። የአራት ጣት መስመር አለበት፤ አንዱ ጎብጧል።

ለመቆም ጊዜ አልነበረም። ባላውን ነቅለን አምጥተን ቦታው ላይ አቆምነው፤ አናጢው ከሥሩ ሽብልቅ እየመቱ አጠበቁት። ወራጁ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ሽማግሌው ግንባራቸውን ጠረጉ።

ዘወር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። የሣጥኑን መነሳት ሰምታ ወርዳለች።

«አነሳሽው» አለች።

«ታውቂ ነበር።»

«ነሐሴ ላይ ከፈትኩት። አልነበረም።»

«ከዚያ ለሰንሽበት።»

«ብነግርሽ ትወስጂኛለሽ። ቤቱ ተበልቷል ብለሽ ቆርቆሮሽ ውስጥ ትከቺኛለሽ።»

ተናድጄ ነበር። «አሥራ አራት ሰው እኮ ነው፣ እማዬ። አንቺም አለሽ።»

«ወራጁን አላሰብኩትም» አለች። «መግነዜን ብቻ ነበር የማስበው። ማኅበሯን እስካወጣ ማርያም ታቆየኛለች ብዬ ነበር።» የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን ልበላት? ባሕር ዛፉ የኔ ነው። ክንፉን ጠርጌ የጣልኩት እኔ ነኝ። እሷ በጭቃ ሸፈነች፤ እኔ ዙሪያውን ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ነው። ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር መሠረቱ እስኪታይ ድረስ ተቆፈረ፤ ከበላይ በኩል ውሃውን የሚያስቀይስ ቦይ ወጣ። ማገዶው ከቤት ወጥቶ ግቢው ዳር ድንጋይ ላይ ተከመረ። ባሕር ዛፉ ወጥቶ ተቃጠለ፤ በምትኩ የደረቀ ወይራ ገባ፣ ጫፎቹ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠጥተው። ከግብርና የመጣ ባለሙያ እህሉን አስወጥቶ የግንቡን ሥር መድኃኒት አጠጣ። በዚያ ሰሞን እናቴ እኔ ቤት አደረች፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ይጮኻል ስትል ነጋ። ልስኑ አሁን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ድንጋዩ ይታያል። ጎረቤት፣ «ምነው ሳትጨርሱት?» ይለናል። የአፈር መስመር ከወጣ እንዲታየን ነው ብለን እንመልሳለን።

ለፋሲካ አዲስ ነጭ ጨርቅ ገዝቼ፣ አጥቤ፣ አጣጥፌ ወሰድኩላት። በእጇ ዳሰሰችውና መለሰችልኝ።

«አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለች። «እዚያ ሲሚንቶ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እዚሁ ነኝ።»

ስንት ዓመት ነይ እያልኩ ስለምናት፣ የመጣልኝ መግነዟ ነው። አልጋዬ ራስጌ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ የግንቡን ሥር በባትሪ ታያለች፤ እኔ ደግሞ መግነዙን አንስቼ ሥሩን አያለሁ፤ ከዚያ ትደውልልኛለች።

«አነሳሽው?»

«አነሳሁት።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እማዬ።»

ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የምንለዋወጠው።