የላውንድሪ ቤቱ ወንበር

በላውንድሪ ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እንፋሎት» ነው የሚላት። ከጧት እስከ ማታ ካውያ ይዛ ስትቆም ኖራ ወገቧ አልቋል፤ ሐኪሙም መቆም ይቅርብሽ ካላት ሰንብቷል። የላውንድሪ ቤቱ ባለቤት አክስቷ ነች፤ ግን ዝምድና ሌላ፣ ሥራ ሌላ የምትል ሴት ናት። እንፋሎት የደንበኛ መቀበያውን ወንበር ብትለምናት፣ ያ የምትማሪው ጃቫ የሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ቁም ነገር ካለው የደንበኛውንና የልብሱን ቲኬት የሚያመሳክር ፕሮግራም ሥሪ፣ ካልሆነ ወደ ካውያሽ አለቻት።

ሠራች። ቤቷ ስትሞክረው የሁለቱንም ቲኬቶች ፊደልና ቁጥር እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ጽፋ ነበርና «ይመሳሰላል» እያለ አንጀቷን አራሰው። ዛሬ ግን፣ መቀበያው ላይ ባለው ኮምፒውተር፣ አክስቷ አጠገቧ ቆማ እያየች፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ቲኬቱን ሰጣት። የሱን አስገባች፤ ኮቱ ላይ ያለውንም አስገባች። «የእርስዎ አይደለም» አለ ፕሮግራሙ። ሰውየው ኮቱ ፊቱ ተሰቅሎ እያየው! ደግማ ሞከረች፤ ወይ ፍንክች። አክስቷ ሄዳ ካውያውን ሰካችው።

ምን ይዋጣት? ኮቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን ቲኬት ትክ ብላ አየችው። ቲኬት ሁሌ ለሁለት ይቀደዳል፤ ግማሹ ለደንበኛው፣ ግማሹ ለልብሱ። ወረቀቱ ሁለት ነው፤ አንድ የሚሆነው የተጻፈበት ነው። እሷ ግን በሁለቱ ቲኬቶች ጽሑፍ መሀል ሁለት የእኩል ምልክት ደርድራ ጃቫን ስትጠይቀው የከረመችው «ያው አንድ ወረቀት ናቸው ወይ?» ብላ ነው። ቤት ስትሞክረው አዎ ያላት፣ ጃቫ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈን ተመሳሳይ ጽሑፍ አንዴ ብቻ ስለሚያስቀምጥ ነበር፤ ከውጭ የሚገባለትን ግን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ምልክቱ ለነጠላ ፊደል ይሆናል፣ ለጽሑፍ ግን ፊደል በፊደል የሚያስተያየውን «ኢኳልስ» የሚባል ትእዛዝ ተጠቀሙ እያለ አስተማሪዋ ጉሮሮው እስኪደርቅ ነግሯቸዋል። ማን ሰምቶት!

ይታገሱኝ ብላ፣ ምልክቱን በ«ኢኳልስ» ተክታ ቲኬቶቹን እንደገና አስገባች። «የእርስዎ ነው» አለ ፕሮግራሙ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ሰውየው ኮቱን እየተቀበለ።

አክስቷ ግን በዋዛ የምትታለል አይደለችም፤ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለይ ቲኬት አምጥታ አስሞከረቻት። «አይደለም» አለ፤ ደግ አደረገ። ያኔ አክስቷ ሄዳ ካውያውን ነቀለችው።

«በይ ተቀመጪ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል?»

እንፋሎት ወንበሩ ከኋላዋ እያለ፣ እስካሁን ሁሉንም ቆማ እንደጻፈች ያኔ ነው ልብ ያለችው። ተቀመጠችና እፎይ አለች፤ እንባዋም መጣ።