ምንም እንዳታመጪ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ሴት ሃምሳ ዓመቷን ልታከብር የጥሪ ወረቀት ሰጠችኝ። ያለሁት ኖርዌይ ነው፤ ዝናቡ የማያባራበት ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ከወረቀቱ ግርጌ «ስጦታ አያስፈልግም» ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ አገር አያስፈልግም ከተባለ አያስፈልግም ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ያደግኩት አምቦ ነው። እኛ ቤት እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል ማዕድ ይቀርብለታል፤ «ይበቃኛል» ሲል ይጨመርለታል። አንድ ጊዜ «ብሉ» ብሎ ዝም ያለን ሰው እናቴ «ለአፉ ያህል ነው» ትለው ነበር።

ሌሊሴን ያስታወሰኝ ይህ ወረቀት ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ የሌሊሴ ጠረጴዛ ከእኔ ትይዩ ነው። የወንጪ ልጅ ናት። አባቷ ሐይቁን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ፈረስ ያከራያሉ፤ እሷም በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ቤቷ ወጥታ ሰኞ ጫማዋ ላይ ጭቃ ይዛ ትመለሳለች። ምሳችንን ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። ሲርባት ራበኝ የምትል ሰው ነበረች። አንድ ጊዜ «ይህ ቀሚስ አያምርብሽም» ብላኛለች፤ እውነትም አያምርብኝም ነበር።

ልደት ማክበሩን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። እናቴ «ልደት የሚባለው የጌታ ነው» ትላለች፤ ለራስ ሻማ ማብራት ለእኔም ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። የገፋፉኝ የሥራ ባልደረቦቻችን መሰረትና ታሪኩ ናቸው። መሰረት አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ስለሆነች የልደት ሥርዓት አዋቂዋ እሷ ነበረች። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ባለው እሁድ፣ እኛ ቤት እንዲሆን ተቆረጠ።

ለሁሉም «ምንም እንዳታመጡ» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ስጦታ አምጡልኝ አይባል ነገር። ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ሌሊሴ ለብቻዬ ጠየቀችኝ።

«ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም እንዳታመጪ። አንቺ ከመጣሽ ይበቃኛል።»

«ዱጋ? እውነትሽን ነው?»

«ዱጋ» አልኳት። በእሷ ቋንቋ ስለው ይበልጥ የሚያምር መሰለኝ።

በዚያ ሳምንት ለእኔ ብላ ወንጪ ሳትሄድ ቀረች። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። ወንበር ከጎረቤት እየተሸከመች አመጣች፤ የአምቦ ውኃውን ጠርሙስ ባልዲ ውስጥ ነክራ አቀዘቀዘች፤ ጥብሱን ጠበሰች። እናቴ «ሙያ ከዚች ተማሪ» አለችኝ፣ እየሰማቻት።

ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ መሰረት ብድግ አለች። እኛ ስጦታን በሁለት እጅ ተቀብለን፣ ሳንከፍት ጓዳ ነው የምናስገባው፤ የሚታየው ሰጪው ከሄደ በኋላ ነው። መሰረት ግን «እሱ የድሮ ነው» አለች። እያንዳንዱ ተከፍቶ ከሰጪው ጋር ፎቶ መነሳት አለበት። ታሪኩ ጠሪ ሆነ።

«የመሰረት፣ ቦርሳ። ባዶ ነው፤ እሱን ባልሽ ይሙላው። የእኔ፣ ጃንጥላ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው የገዛሁት፣ ሲረክስ።» ሳቅን። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ። «የሌሊሴስ?»

ሌሊሴ የጥብሱን ሳህን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም ድንጋጤ አልነበረም። ልትመልስ አፏን ከፍታለች። የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ቀደምኳት።

«የእሷን ጠዋት ሰጥታኛለች፤ ጓዳ አስገብቼዋለሁ።»

«ይውጣ እንግዲያ» አለ ታሪኩ፤ «መደበቅ የለም።»

ጓዳ ገባሁ። ለጥምቀት ብዬ የገዛሁት ሰማያዊ ሻርፕ ገና ከፌስታሉ አልወጣም ነበር። ይዤው ወጣሁ። አጨበጨቡ። በጫማዋ ስታሾፍባት የኖረችው መሰረት «ሌሊሴ፣ ለካ ምርጫ ታውቂያለሽ» አለቻት። ሌሊሴ ሳህኑን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ለፎቶው ሻርፑን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ዓይን ዓይኔን አላየችኝም።

ስሸኛት በሩ ላይ ቆመች። «ባዶ እጄን ስመጣ አላፈርኩም ነበር፣ ፅጌ። ያሳፈርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ሰኞ ምሳዋን ይዛ ለብቻዋ ወጣች። ማክሰኞም እንደዚያው። ጾሙ ገባ፤ ሽሮዬን ብቻዬን እበላ ጀመር። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ለሰው ክብር ተብላ የተዋሸች ትንሽ ውሸት ናትና በቀላሉ የምታልፍ መስሎኝ ነበር።

«ለማን ብለሽ ዋሸሽ?» አሉኝ።

«ለእሷ ብዬ፣ አባ።»

«ለምናሽ ነበር?»

«አለመነችኝም» አልኩ። ስግደት ሰጡኝና «የቀረውን ከልጅቷ ጠይቂ» አሉኝ።

በማግስቱ ሌሊሴን መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠብቄ «ምን ባደርግ ይቅር ትይኛለሽ?» አልኳት።

«ንገሪያቸው።»

«ባዶ እጇን ነው የመጣችው ብዬ?»

«እውነት አይደለም እንዴ? የምትፈሪው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ምሳ ሰዓት ላይ አራታችንም በተቀመጥንበት ነገርኳቸው። ሻርፑ የራሴ እንደነበረ፣ ሌሊሴን ምንም እንዳታመጪ ያልኳት እኔ እንደሆንኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ታሪኩ እየጎረሰ ሳቀ።

«እኛንም እኮ ምንም አታምጡ ብለሽናል። ማን አመነሽ?»

«እኔ አምኛታለሁ» አለች ሌሊሴ።

ታሪኩም ሳቁን ተወ። እሷ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ መብላት ጀመርን።

አምና ለእረፍት አገሬ ስገባ ሌሊሴ ሠላሳ ስድስተኛ ልደቷን የምታከብርበት ሰሞን ነበር። ምን ላምጣልሽ ብዬ ደወልኩላት። «ምንም» አለችኝ። እናቴ «ከውጭ አገር መጥተሽ ባዶ እጅሽን? ሰው ምን ይለናል?» እያለች እስከ በር ተከተለችኝ። አሥር ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ እጄን የት እንደማደርገው እየጠፋኝ ሄድኩ። ቤቷ ስገባ አማቷ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ቀረ።

«ከባሕር ማዶ የመጣችው ጓደኛሽ ይህች ናት?»

«እሷ ናት። ምንም አታምጪ ብያት ነው» አለች ሌሊሴ።

አማቷ «እሺ እንግዲህ» ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። በቃ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ዛሬም ባዶ እጄን ሰው ቤት መግባት ይከብደኛል፤ የሚተወኝም አይመስለኝም። ሳስበው የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን እሁድ ሌሊሴ አፏን የከፈተችው ለአማቷ የሰጠችውን ይህችኑ አጭር መልስ ልትሰጥ ነበር። እኔ ዝም ብል ይበቃ ነበር።